አንገቴና ጥቁር ሰሌዳው

የምጽፈው ስለ አንገቴ ነው። ብትስቁ አልቀየምም፤ የልምምድ ክፍሌ ልጆችም ስቀውብኛል።

በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር ከቤተሰብ ዘንድ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ እንቅልፍ ይዞኝ ነበር። ሾፌሩ መንገድ ለገባ በሬ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ጭንቅላቴ ወደ ፊት ተወርውሮ ወደ ኋላ ተመለሰ። ደም የለ፣ ስብራት የለ፤ ተረፍኩ ብዬ ወረድኩ። በማግሥቱ ስነሳ ግን አንገቴ እንደ ዘነዘና ደርቋል።

እናቴ በስልክ "ወጌሻ ይሽህ" አለች። የዶርም ጓደኛዬ ደግሞ "እንዳታንቀሳቅሰው!" አለኝ። ፈሪ ነኝና የሱን ምክር መረጥኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፎጣ ጠምጥሜ፣ አንገቴን እንደ እንቁላል እየጠበቅሁ ከረምኩ።

የማስተማር ልምምዱ የደረሰው በዚህ መሐል ነው። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላዬ የጠራኝን ልጅ ለማየት መላ አካላቴን ማዞር ነበረብኝ፤ ልክ "ወደ ኋላ ዙር!" እንደተባለ ወታደር። ወዲያው "ወታደሩ" የሚል ስም ወጣልኝ። ይህንስ በሳቅ አሳለፍኩት። የገመገመኝ መምህር ግን "ተማሪዎቹን አያይም" ብሎ ጻፈ። ያን ቀን ራት አልበላሁም። ለመምህርነት አይበቃም እንዳልባል ፈርቼ ጉዳቴን ደብቄ ነበርና።

ሆስፒታል ስሄድ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እጄ ይደነዝዝ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ጣቶቿን አስጨበጠችኝ። ከምርመራው በኋላ "አጥንትህ ደኅና ነው፤ ጡንቻህን ግን ሥራ ፈት አደረግኸው" አለች። (የአንገት አጥንቶቻችን 7 ናቸው፤ የቀጭኔም 7! ለሳይንስ ክፍለ ጊዜ አስቀምጬዋለሁ።)

የሰጠችኝ ልምምድ ቀላል ይመስላል። አንገትን ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ማዞር፤ አገጭን ወደ ኋላ መሳብ፤ መዳፍን ግንባር ላይ አድርጎ መግፋት፣ ጭንቅላት ሳይነቃነቅ እንዲመክት፣ እስከ አምስት ቆጥሮ መልቀቅ። ጧትና ማታ። የመጀመሪያው ሳምንት አስመረረኝ፤ ሁለቴ ትቼው ነበር። የሚወጠር ሕመምና የሚወጋ ሕመም እንደሚለያዩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ወደ ክንድ የሚወርድ ሕመም ወይም መደንዘዝ ቢመጣ ግን አቁሜ እንድመለስ አስጠንቅቃኛለች።

ስድስት ሳምንት ያህል አለፈ። በሚያዝያ ሁለተኛው ልምምድ መጣ። ጠመኔ ይዤ ስጽፍ ከኋላ ወንበር "መምህር!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። እግሬን ሳላነሳ በትከሻዬ ላይ ዞሬ አየሁት።

ለካ ልጁ ወደ ውጭ መውጣት ፈልጎ ነው።