ጅማትና ትዕግሥት

አንባቢ ሆይ! ስለ ሩጫ ሲነሣ ስለ ልብና ስለ ሳንባ ብዙ ሰምተህ ይሆናል፤ ስለ ጅማት ግን ምን ያህል አስበሃል? ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ ጽኑ ገመድ ነው። የሚደርሰው ደም ከጡንቻ ያነሰ ስለ ሆነ ዘግይቶ ይጠነክራል፤ ከተጎዳም ዘግይቶ ይድናል። ሯጭ ትንፋሹና ባቱ በረቱለት ብሎ ልምምዱን በድንገት ሲያበዛ፣ ወደ ኋላ የቀረው ጅማት ጭነቱን መሸከም ያቅተዋል።

እኔ ይህን የተረዳሁት በታናሽ ወንድሜ ነው። የራያ ቆላ ፀሐይ ሳይበረታ ከቆቦ ተነሥቶ ወደ ዞብል ተራራ ዳገት መሮጥ በጀመረ በጥቂት ሳምንታት የተረከዙ ጅማት ታመመ። ጠዋት ከመኝታው ሲነሣ ያነክሳል፤ ጥቂት ሲሮጥ ግን ሕመሙ ይለቀዋል። በዚህ አትታለል፤ ሰውነት ሲሞቅ ሕመሙ መሸሸጉ የዚሁ ጉዳት ምልክት ነውና። ከጎረቤት ግማሹ «ወጌሻ ይሽው» ሲል፣ ግማሹ «ሩጫው ይቅርብህ» አለው። የወረዳው ውድድር ደግሞ ቀርቦ ነበር።

ወንድሜ በሐኪም ምክር ውድድሩን ተወ፤ እንቅስቃሴን ግን ፈጽሞ አልተወም። ዳገቱን ትቶ ርቀቱን ቀነሰ። በደጃፋችን የድንጋይ ደረጃ ጠርዝ ላይ በእግሩ ጣቶች እየቆመ፣ በደኅናው እግሩ ይነሣና በታመመው ተረከዙን ቀስ እያለ ዝቅ ያደርግ ነበር። ይህ በ1990 ዓ.ም. ስዊድናዊው ሐኪም ሀካን አልፍሬድሶንና ባልደረቦቹ በጥናት ያቀረቡት ዘዴ ሲሆን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለ12 ሳምንታት ይፈጸማል። ጅማት በፍጹም ዕረፍት ይደክማል፤ በተመጠነ ጭነት ግን ይበረታል።

ታላቁ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ከዚህ ሕመም አላመለጠም። በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ የተረከዙ ጅማት እያመመው በ10 ሺሕ ሜትር ፖል ቴርጋትን በሰከንድ 9 መቶኛ ቀደመ። ከዚያም በቀዶ ሕክምና ታክሞ ወራትን ታገሠ፤ በነሐሴ 1993 ዓ.ም. በኤድመንተን ሦስተኛ ወጣ። በመስከረም 2001 ዓ.ም. በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ! ከልምምድ በኋላ በማግሥቱ ሕመምህ ከባሰ ጭነቱን ቀንስ፤ ካልባሰ ጥቂት በጥቂት ጨምር። ድንገት የመበጠስ ስሜት ተሰምቶህ በጣቶችህ መቆም ቢያቅትህ ግን ሳትዘገይ ወደ ሐኪም ሂድ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ብሂል ለሯጭ እግር የበለጠ ይሠራል።