ቤተሰብ ይዞ ፖስትዶክ ፍለጋ

«ዶክተር ከሆንሽ በኋላ ደግሞ ምን ቀረሽ?» የሚለውን ጥያቄ ከአማቴም ከጎረቤቶቻችንም ሰምቼዋለሁ። አይፈረድባቸውም። ፖስትዶክ ትምህርትም አይደለም፣ ቋሚ ሥራም አይደለም። ዶክትሬቱን የጨረሰ ሰው በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለጥቂት ዓመታት በኮንትራት፣ ደመወዝ እየተከፈለው የሚሠራው ምርምር ነው። ሙያዬ ባዮኢንፎርማቲክስ ነው፤ የቲቢ ባክቴሪያን ዘረ መል በኮምፒውተር እመረምራለሁ። ለዚህ ሙያ ሰፊው በር ያለው ውጭ አገር ነው። እኔ ደግሞ የሁለት ልጆች እናት ነኝ።

ፍለጋውን ስጀምር ማስታወቂያ ብቻ መጠበቅ እንደማያዋጣ ገባኝ። ብዙ ጊዜ በሩ የሚከፈተው ለቤተ ሙከራው ኃላፊ በቀጥታ በመጻፍ ነው። ለሃምሳ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ መበተን ግን ድካም ብቻ ነው። እኔ የተመራማሪውን የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች አነብና ሥራዬ ከእሱ ጋር የሚገናኝበትን ነጥብ በጥቂት መስመር እጽፋለሁ። የሠራኋቸውን ፕሮግራሞችም ጊትሃብ ላይ አስቀምጣለሁ፤ በእኛ መስክ ሰው የሚያምነው ያየውን ሥራ ነው።

ሌላው መንገድ የራስን ገንዘብ ይዞ መሄድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ የፖስትዶክ ድጋፍ ለማንኛውም አገር ዜጋ ክፍት ነው። አመልካቹ ተቀባይ ተመራማሪ አስቀድሞ ያገኝና ማመልከቻውን አብረው ያዘጋጃሉ። ከዶክትሬት በኋላ ያለው የምርምር ልምድ ከ8 ዓመት መብለጥ የለበትም። ከማመልከቻው ማብቂያ ቀን በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥም በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ መኖር ወይም መሥራት አይፈቀድም። የወሊድ ፈቃድ ግን ከ8ቱ ዓመት አይቆጠርም፤ ቤተሰብ ላለውም የቤተሰብ አበል አለ። ይህን ሳነብ እናትነቴን መደበቅ እንደሌለብኝ አወቅሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቤተ ሙከራ ሊቀበለኝ ፈቅዶ ነበር። ሥራው የምመኘው ዓይነት ነው። ኮንትራቱ ግን የአንድ ዓመት ብቻ ሲሆን ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከሕፃናት ማቆያ ክፍያ አያልፍም። ከባለቤቴ ጋር ሦስት ሌሊት ሒሳብ ሠርተን «አይሆንም» ብዬ ጻፍኩ። አለቀስኩ፤ አልተጸጸትኩም።

አሁን ቃለ መጠይቅ ላይ ጥያቄዎቼን ሳላፍር አቀርባለሁ። ኮንትራቱ በምን ሁኔታ ይታደሳል? የጤና መድኑ ልጆቼን ይሸፍናል? ባለቤቴ መሥራት ይችላል? ለምሳሌ አሜሪካ በጄ-1 ቪዛ የሄደ ተመራማሪ የትዳር ጓደኛ፣ ጄ-2 ይዞ ከደረሰ በኋላ የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ፈቃዱ እስኪወጣ ግን ቤቱ በአንድ ደመወዝ ይኖራል፤ ይህም አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

በእናንተም ቤት እንዲህ ያለ ፍለጋ ካለ፣ ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ቤተሰቡ ይምከርበት። ሲቪው የአንድ ሰው ቢሆንም ሻንጣው የሁሉም ነው።