የባልና የሚስት ጨዋታ

ሰው ደስታን ሲያስብ ብዙ ጊዜ አሳቡ ወደ ትልቁ ነገር ይሮጣል። ቤት ስሠራ፣ ሹመት ሳገኝ፣ ልጆቼን ስድር ያን ጊዜ ደስ ይለኛል እያለ ለደስታው ቀጠሮ ይሰጣል። ትልቁ ነገር ግን በሰው ዕድሜ የሚመጣው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ማዕድ ግን በየቀኑ ይቀርባል። በየቀኑ ከሚቀርበው ደስታን መቅመስ ያልለመደ ሰው፣ ትልቁ ነገር በመጣ ጊዜም እንዴት እንደሚደሰት አያውቅም። ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በትዳር ውስጥ ነው።

በአገራችን አንድ የቆየ አስተያየት አለ፤ ይኸውም ጨዋ ባል በሰው ፊት ከሚስቱ ጋር አይሥቅም፣ አይጫወትም የሚል ነው። መከበርና መኰሳተር እንደ አንድ ነገር ስለ ተቈጠሩ፣ ብዙ አባቶች ፍቅራቸውን እንደ ዕዳ ደብቀው ኖሩ። በዚህ አስተያየት ያደጉትን ሰዎች ለመንቀፍ አልነሣም፤ ዳሩ ግን ያስከተለውን በቤታችን ስላየሁት ልናገር።

አባቴ በሞተ ጊዜ ከእናቴ ጋር የተነሣው ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነበር። እርሱ በወንበር ተቀምጦ፣ እርስዋ አጠገቡ ቆማ፣ ሁለቱም በዳኛ ፊት እንደ ቀረቡ ሰዎች ደርቀው ይታያሉ። እናቴ ያንን ሥዕል ስታየው፣ «መልኩስ የእርሱ ነው፤ ሰውዬው ግን እርሱ አይደለም። እርሱ እኮ እቤት ውስጥ በሣቅ የሚያፈርሰኝ ሰው ነበር» ትል ነበር። እኛ ልጆቹ ያንን ሣቅ አላየነውም። የሚያውቀው እርስዋ ብቻ ነበረች፤ እርስዋም ስታልፍ አብሮአት አለፈ።

እርግጥ የድሮ ፎቶግራፍ የደረቀ የሆነበት ምክንያት አለው። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1839 ዓ.ም. የፈረንሳዊው የዳጌር የፎቶግራፍ ዘዴ ለዓለም በተገለጠ ጊዜ፣ አንድ ሥዕል እስኪቀረጽ ድረስ ብዙ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ሣቅ ያን ያህል ጊዜ ቆሞ ስለማይጠብቅ፣ የሚነሣው ሰው ፊቱን አጥብቆ መያዝ ነበረበት። በኋላ በ1888 ዓ.ም. አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን 100 ሥዕል የሚያነሣ ፊልም የጐረሰ ኮዳክ የሚባል መሣሪያ አውጥቶ ለሕዝብ ሸጠ። መሣሪያው እንዲህ ሲፈጥን የሰው ልማድ ግን ዘገየ። በእኛም አገር ፎቶግራፍ ቤት መሄድ የክት ልብስ የሚለበስበት ታላቅ ጉዳይ ሆኖ ስለ ቆየ፣ ሰው ሣቁን ከበር ውጭ ትቶ ይገባ ነበር።

አሁን ግን የፎቶግራፍ ማንሻ በየሰው የእጅ ስልክ ውስጥ አለ። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ የአባቴንና የእናቴን ችግር በእኛ ላይ እንዳይደገም አስበን፣ በማዕድ ላይና በጨዋታ ጊዜ መነሣት ጀመርን። ከተነሣናቸው ሁሉ የምንወደው አንዱ የተነሣው በክፉ ቀን ነው።

የምሠራበት ድርጅት ለአምስት ወር ደመወዛችንን ሳይከፍለን ቀረ። በዚያን ጊዜ ምሳችንም እራታችንም ሽሮ ነበረ። ዶሮ በ12 ብልት እንደምትከፈልና ከብልቶቹም ፈረሰኛው ለአባወራው እንደሚቀርብ አንባቢ ያውቃል። ታዲያ አንድ ማታ ባለቤቴ ሽሮውን በትሪው መካከል አፍስሳ፣ ፊትዋን ኰስተር አድርጋ «ከአሥራ ሁለቱ ብልት የትኛውን ላውጣልህ?» አለችኝ። እኔም «ፈረሰኛውን ነው እንጂ!» አልኋት። እንጀራውን በሽሮው አጥቅሳ ትልቅ ጉርሻ አጐረሰችኝ። አፌ እንደ ሞላ «እንቁላሉስ የት አለ?» ብላት፣ «ዶሮዋ ገና አልጣለችም፤ ታገሥ» አለችኝ። በዚያው ቅጽበት አነሣችኝ። በሥዕሉ ላይ ጕንጬ እንደ መለከት ነፊ ተነፍቶ፣ ዐይኔ ከሣቅ ብዛት እንባ አቅርሮ ይታያል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ችግርን መርሳት ነው እንዳትል። ከማዕዱ በፊት የቤት ኪራዩንና የባለሱቁን ዱቤ በወረቀት ጽፈን ደምረን ነበር። ነገር ግን ደመወዝ ያጣ ባል ያፍራል፤ ያፈረም ዝም ይላል፤ ሚስቱም ዝምታውን ጥላቻ ነው ብላ ትተረጕመዋለች። ብዙ ቤት የሚፈርሰው ከገንዘቡ ማጣት ይልቅ በዚህ ዝምታ ነው። በዚያች ማታ ከተሣቀ በኋላ ግን ስለ ዕዳው ያለ ቍጣና ያለ ወቀሳ ለመነጋገር ቻልን፤ የትኛውን ዕዳ አስቀድመን እንደምንከፍልም ተስማማን። ከዚያ ወዲህ ጨዋታን የጥጋብ ጊዜ ትርፍ አድርጌ አልቈጥረውም፤ ከእንጀራው ጋር የሚቀርብ ስንቅ ነው።

ዳሩ ግን መልካም ነገር ሁሉ መጠን አለው። ዛሬ በየምግብ ቤቱ ባልና ሚስት ወጡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ትሪውን ከላይና ከጎን ሲያነሡ፣ ካነሡም በኋላ አንገታቸውን ደፍተው ሌላ ሰው ምን እንዳለ ሲያነቡ እናያለን። እነዚያ ማዕዱን ለሩቅ ሰው ዐይን አቀረቡ እንጂ እርስ በርሳቸው አልተጋበዙም። በእኛ ቤት አንድ ሥርዓት አለ፤ አንድ ሥዕል ከተነሣ ስልኩ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ምክንያቱም ጉርሻ የአጉራሹን እጅና የጐራሹን ዐይን ይፈልጋል። አንዱ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው በሚጨመርበት አገር፣ ሁለተኛው ጉርሻ ሳይደርስ ፊትን ወደ ስልክ ማዞር ነውር ነው።

ደግሞም ጨዋታና ፌዝ አንድ አይደሉም። ጨዋታ ሁለቱንም ያሥቃል፤ ፌዝ አንዱን አሥቆ ሌላውን ያቈስላል። የሚስቱን ወጥ በእንግዳ ፊት የሚያንኳስስ ባል ወይም የባልዋን ድካም ለጎረቤት መሣቂያ የምታደርግ ሚስት ተጫወቱ አይባልም። እንደዚሁም የትዳር ጓደኛን ሥዕል ሳያስፈቅዱ ለሰው ማሳየት የቤትን ምሥጢር አደባባይ ማውጣት ነው። የጕንጬን ሥዕል ባለቤቴ ለእኅቶችዋ ያሳየችው እኔን ጠይቃ፣ እኔም ሥቄ ከፈቀድሁ በኋላ ነው።

እንግዲህ ባለትዳር የሆንህ ወንድሜ፣ ባለትዳር የሆንሽ እኅቴ፣ ለልጆች የሚወረስ ነገር ስናስብ መሬትና ቤት ብቻ አይታየን። አባታቸው እናታቸውን ሲያጐርስ፣ እናታቸው አባታቸውን ስታሥቅ ልጆች በዐይናቸው ይዩ። ነገ በየቤታቸው ክፉ ቀን ሲገጥማቸው፣ ከዝምታ የሚያወጣቸው ይህ ያዩት ነገር ነው። ለዚህም የሰባ ዶሮ አያስፈልግም፤ ሽሮም ይበቃል።