ለታላቅ እህቴ ለኦፓ፣ ከስዊድን

ጃንዋሪ 2006

ኦፓ፣ እናታችን ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ይህን ደብዳቤ በኦሽ በኩል የሚያሻግረው ሰው ቸኳይ አይደለም፤ እጅዎ ሲገባ የጸደዩ በዓል ናቭሩዝ ደርሶ ይሆናል።

እኔ ደህና ነኝ፣ እንዲያውም ወፍሬያለሁ። 439 ስደተኞች ሆነን ከቢሽኬክ ወደ ሩማንያ የበረርን ለት በእግሬ ላይ የነበረው ሸበጥ ነው። ዛሬ ሁለት ጥንድ ቦት ጫማ አለኝ! ከእኛ ጋር ተሰደው ኦሽ የቀሩት አራቱስ? እንደታሰሩ ናቸው? የገበያውን ወሬ ሳይሆን እርግጡን ይጻፉልኝ።

የዚህ አገር ዋጋ አይነሳ። ሐብሐብ ሩቡን ቆርጠው፣ በላስቲክ ጠቅልለው፣ መዝነው ይሸጡልዎታል፤ እኛ በጋሪ የምንገዛውን! ዳቦ 20 ክሮነር ነው። በእኛ ገንዘብ፣ በሱም፣ ስንት እንደሆነ ማስላቱን ትቼዋለሁ፤ ካሰላሁ አልበላም። ደግሞ ይጣፍጣል፣ ስኳር ያለበት ዳቦ። ባለፈው ሳምንት ሱቅ ውስጥ አንዱ ዳቦ በፊቱ ተደፍቶ አየሁና ገለበጥሁት። አጠገቡ ያለውም ተደፍቷል፤ እሱንም አቃናሁት። ስድስተኛው ላይ ስደርስ አንዲት ሠራተኛ መጣችና በጣቷ መጀመሪያ ዳቦውን፣ ቀጥሎ በሩን አሳየችኝ። ዳቦ ተደፍቶ አያድርም ልላት ነበር። የማውቀው ስዊድንኛ ግን "አመሰግናለሁ" እና "ረቡዕ" ብቻ ነው። "አመሰግናለሁ" ብያት ወጣሁ። ሃያ ዓመት ዳቦ የጋገረ ሰው!

የትንሹ ልጅዎ ትምህርት እንዴት ነው? በእኔ የተነሳ አስተማሪው ፊት ነስቶት ይሆን?

የመኖሪያ ፈቃዱ ወጥቷል። ቋሚ ነው። አስተርጓሚዋ "ቋሚ" የሚለውን ሁለቴ ደገመችልኝ፤ ያልገባኝ መስሏት ነው። ሌሎቹ ሲተቃቀፉ እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ ቆየሁ። የሰፈራችን ልጆች አንዱ ጀርመን፣ አንዱ አውስትራሊያ ደርሶታል።

እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይጨልማል። ጎረቤቴ ደረጃው ላይ ድምፄን ከሰማ የከፈተውን በር መልሶ ይዘጋል። ፕሎቭ ሠርቼ (ካሮቱ ቢጫ አይደለም፣ ሩዙም የእኛ አይደለም፣ ይሁን) ሰሃን ሙሉ ወሰድሁለት። በማግስቱ ሰሃኑ ጥርት ብሎ ታጥቦ በሬ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት፤ ባዶውን። እናታችን እንዳይሰሙ።

የማኅላው፣ የሰፈራችን ኮሚቴ ሰዎች አሁንም ይመጣሉ? "ተመለስ በይው" ብለው ካስደወሉዎት እንዳዘዙዎት ይበሉኝ፣ አይከራከሯቸው። ብቻ መጀመሪያ ስለ በረዶው ይጠይቁኝ። ይገባኛል።

የዳቦ ምድጃዬን፣ ታንዲሬን፣ ጎረቤት ከጠየቀ ይስጡት፣ ይጋግርበት፤ እሳት ያጣ እንደሆነ ይሰነጠቃል። እንዲያፈርሰው ግን አይፍቀዱለት። የጸደዩ ዝናብ ሳይጀምር አፉ ላይ ቆርቆሮ ያድርጉበት።