አካፋውን ከአባባ እጅ ተቀበሉ!

አዲስ አበባ ላይ በረዶ ማለት ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ቆይቶ ፀሐይ ስትወጣ ውኃ የሚሆን ነገር ነው። እኔ ያለሁበት ሚኒያፖሊስ ግን ሌላ ነው። ሌሊቱን ድምፁን አጥፍቶ ይወርድና ጠዋት ደጃፍ ላይ ተከምሮ ይጠብቃችኋል። ዝም ብሎ ማለፍም የለም፤ በረዶው ካቆመ በኋላ ባለቤቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ከቤቱ ፊት ለፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ እንዲጠርግ የከተማው ደንብ ያስገድደዋል።

ታዲያ አካፋውን ማን ይያዝ? ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው! በስንቱ ቤት የሚይዙት የልጅ ልጅ ሊያዩ ከአገር ቤት የመጡት አባት ናቸው። «ልጄ ሌሊቱን ሲሠራ አድሯል፣ እኔ ተቀምጬ ልዋል?» ይላሉ። የጎረቤታችን አባት እንዲሁ ብለው ወጡ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደረታቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ያየ ሰው ቶሎ 911 ደወለና ተረፉ እንጂ ሌላ ነገር ልናወራ ነበር።

«እሳቸው እኮ ሲያርሱ የኖሩ ናቸው!» ትሉ ይሆናል። እርሻው በብርድ አልነበረማ! ብርድ የደም ሥርን ያጠብባል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል። በክንድ የሚሠራ ከባድ ሥራ ደግሞ ልብን ክፉኛ ያስሮጣል። ትንፋሽ ይዞ ማንሳት ሲጨመርበት ግፊቱ ጣራ ይነካል።

እናንተም «ወጣት ነኝ» ብላችሁ አትኩራሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ 10 ጤነኛ ግን ስፖርት የማይሠሩ ወንዶች ከባድ በረዶ ሲዝቁ የልብ ምታቸው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ለስፖርት ከሚመከረው በላይ ወጥቷል።

እና ምን ይሻላል? ከመውጣታችሁ በፊት ሰውነታችሁን አፍታቱ። ጠግባችሁ ወይም ጠጥታችሁ አትውጡ። ደራርባችሁ ልበሱ። በረዶውን ግፉት እንጂ አታንሱት፤ ግድ ከሆነ አካፋውን ሳትሞሉ፣ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ ወገባችሁን ሳታጣምሙ አንሱ። በየመሀሉ እረፉ። ደረት ካፈነ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቃችሁ «ሻይ ልጠጣበት» የሚባል ነገር የለም፤ 911 ነው!

መኪና ከማስነሳታችሁ በፊት ደግሞ ማርሚታው አፍ ላይ ያለውን በረዶ ጥረጉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ኒው ጀርሲ ውስጥ አባት በረዶ ሲዝቅ፣ ሞተሩ በተነሳ መኪና ውስጥ ይሞቁ የነበሩ እናትና ሕፃን በጭሱ ታፍነው ሞተዋል።

አባትን ግን «ተቀመጥ!» ማለት ቅር ያሰኛል። እኔ «አባባ፣ እርስዎ ሕፃኑን ይያዙልኝ፣ እሱ ነው የሚያስቸግረኝ» እላለሁ። ደስ ብሏቸው ይቀበሉኛል፤ እኔም አካፋዬን ይዤ እወጣለሁ። ቢዘገይስ? የከተማው ቅጣት ይከፈላል፤ አባት ግን ምትክ የለውም።