ማማላፑራም፤ ቋጥኝ ያስተማረባት ከተማ

በደቡብ ሕንድ፣ ቀድሞ ማድራስ ትባል ከነበረችው ከቼናይ ተነሥቶ የባሕሩን ዳር ይዞ የሚወርድ መንገደኛ 60 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ማማላፑራም ይደርሳል። ከተማዪቱ ትንሽ ናት፤ ነገር ግን የፓላቫ ነገሥታት በ7ኛውና በ8ኛው መቶ ዓመት ያሠሩአቸው ቤተ መቅደሶች ስሟን በዓለም አስጠርተውታል። ስሟም የወጣው «ማማላ»፣ ማለት ታላቁ ታጋይ፣ ይባል ከነበረው ከንጉሥ ናራሲምሃቫርማን ነው።

የሕንጻ ጥበብን ለሚመረምር ሰው ከተጨረሰው ሥራ ይልቅ ሳይጨረስ የቀረው ብዙ ያስተምረዋል። «አምስቱ ሠረገላዎች» የሚባሉት ቤተ መቅደሶች ከግራኒት ቋጥኝ የተፈለፈሉ ናቸው። ከመካከላቸው የትልቁ ጣራ ተጊጦ አልቋል፤ የታችኛው ክፍል ግን ገና ሻካራ ነው። ከዚህም ጠራቢዎቹ ከላይ ወደ ታች ይሠሩ እንደ ነበር ይታወቃል። ይህ አሠራር ላሊበላን ላየ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ደግሞም የአንዱ ጣራ የሣር ጎጆ ይመስላል፤ በእንጨትና በሣር ይሠራ የነበረውን በድንጋይ ቀድተውታልና።

ከዚያ ጥቂት እልፍ ብሎ ወርዱ 27 ሜትር ያህል የሆነ ቋጥኝ በአማልክት፣ በሰውና በዝሆን ምስል ተሞልቶ ይታያል። ከዝሆኑ አጠገብ አንዲት ድመት በኋላ እግሯ ቆማ፣ እጆቿን ዘርግታ እንደ ባሕታዊ ትጸልያለች፤ አይጦችም ከበዋታል። ጸሎቷ ከልብ መሆኑን ተመልካቹ ይፍረድ!

በ8ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የቆመው የባሕር ዳር ቤተ መቅደስ ግን ከቋጥኝ አልተፈለፈለም፤ በተጠረበ ድንጋይ ተገነባ እንጂ። ከመፈልፈል ወደ መገንባት የተደረገው ሽግግር በአንዲት ከተማ ውስጥ በእግር ተሂዶ ይታያል ማለት ነው። ይህ ሕንጻ እ.ኤ.አ. በ2004 የመጣውን የሱናሚ ማዕበል ተቋቁሟል። የሚያሰጋው የዕለት ጠላቱ፣ ጨው ያዘለው ነፋስ ነው፤ የምስሎቹን ፊት ቀስ በቀስ አልሷልና። ስለዚህ ነፋስ የሚገቱ ዛፎች ተተክለዋል፤ ማዕበሉን የሚሰብር ድንጋይም ተከምሯል።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1984 ቅርሱን በዓለም መዝገብ አስፍሮታል። ከመዝገቡ አስቀድሞ ግን፣ በ1957፣ የቅርጻ ቅርጽና የሕንጻ ጥበብ ትምህርት ቤት በዚያው ተከፍቶ ነበር። ዛሬም በከተማዪቱ መንገድ የሚያልፍ ሰው የመሮ ድምፅ ይሰማል። ነፋስ የድንጋዩን ፊት ሊያጠፋ ይችላል፤ ጥበቡ ግን የሚጠፋው ተማሪ ያጣ ዕለት ነው።