«ወፍራለች እኮ!»

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ካንሰር ነው» የተባልሁበትን ቀን ነው። ያን ቀንስ እንባ አወጣው። የከበደኝ ልጄ የዳነች የመሰለችበት ሰሞን ነው።

ክረምቱን ቢቸና እናቴ ዘንድ ከርማ ወደ ሞጣ ስትመለስ እግሬን ይቆረጥመኛል ትል ጀመር። ማታ ማታ ያተኩሳታል። ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ዋጠች፤ ትኩሳቱ ሲመለስ ታይፎይድ ተባለ። እናቴ ለዲማ ጊዮርጊስ ተሳለች። ፊቷ እየነጣ፣ ድዷ እየደማ፣ ሳትወድቅ ጭኗ ላይ የበለዘ ነገር ሲወጣባት ባሕር ዳር ይዣት ሄድሁ። ሐኪሟ የደም ውጤቱን እንዳየች ወደ ጥቁር አንበሳ ጻፈችልን። ከደጀን የአባይን በረሃ ወርደን ጎሐ ጽዮን እስክንወጣ ድረስ እቅፌ ውስጥ ተኝታ ነበር።

ጥቁር አንበሳ ከዳሌዋ አጥንት መቅኔ ቀድተው አዩ። ደም የሚሠራው እዚያ ነው፤ ያልበሰሉ ነጭ ሴሎች ያለ ልክ ተራብተው ቦታውን ሲይዙት ቀዩ ደም ያንሳል፣ ደም የሚያረጋውም ያልቃል። ንጣቱም መድማቱም ከዚሁ ነበር። ስሙ አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ ነው፤ በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር። «ሊድን የሚችል ነው፤ ሕክምናው ግን ከሁለት ዓመት በላይ ነው» አሉኝ።

ቪንክሪስቲን በደም ሥር፣ ፕሬድኒሶሎን በአፍ፣ ሜቶትሬክሴት ደግሞ በጀርባ በኩል በመርፌ። ጀርባዋን ሲወጓት «አባዬ፣ ቁጠርልኝ» ትለኛለች፤ እጇን ይዤ እቆጥራለሁ። ጸጉሯ ረገፈ። ፕሬድኒሶሎኑ በበኩሉ አያስጠግብም፤ ሌሊት ነቅታ እንጀራ በሽሮ አምጡ ትላለች። ፊቷ ክብ ሆነ፣ ጉንጯ ሞላ።

ይሄኔ ነው ጠያቂ ሁሉ «ወፍራለች እኮ!» ማለት የጀመረው። የወፈረ ልጅ ታሟል ቢሉት በእኛ አገር ማን ያምናል? የመጀመሪያው ዙር አልቆ መቅኔዋ ዳግም ሲታይ ደግሞ በሽታው በማይክሮስኮፕ አልተገኘም። ለእናቴ ደወልሁላት።

«ተመስገን! በል ይዘሃት ና፤ ጤፉም ደርሷል» አለችኝ።

አልፈረድሁባትም። በሬው ተሸጧል። ባለቤቴ ከትንሹ ልጃችን ጋር ሞጣ ብቻዋን ናት። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል። ነገር ግን ልጄ በተኛችበት የሆስፒታል ክፍል፣ «ድኗል» ተብሎ አገሩ ገብቶ፣ በሽታው አገርሽቶበት የተመለሰ ልጅ ተኝቶ ነበር። ለእናቴ ሐኪሙ ያለኝን ነገርኋት፦ በማይክሮስኮፕ የማይታይ ቅሪት አለ፤ ሕክምናው ከተቋረጠ ተመልሶ ይነሣል፣ ያኔ መድኃኒቱም እንደ በፊቱ አይሠራለትም።

ጥቂት ዝም አለችና «እንደ ሰርዶ ነው በለኛ!» አለች።

ከዚያ ወዲያ ና አላለችኝም። እኛም ወላጆች ባቋቋሙት በተስፋ አዲስ ማረፊያ ሰነበትን፤ ከክፍለ ሀገር ለመጣ አስታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ አልጋ ማግኘት ግማሽ ሕክምና ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፤ በብዙ ድሃ አገሮች ከ30 በመቶ በታች። ከምክንያቶቹ አንዱ ሕክምና ማቋረጥ ነው። ይህን ስሰማ አልገረመኝም፤ ልብ ስለጠፋ ሳይሆን መሳፈሪያ ስላለቀ የቀረ አባት አይቻለሁ።

ልጄ አሁንም ሕክምና ላይ ናት። ወላጆች ሆይ፣ ትኩሳት ሲመላለስ፣ ልጅ ሲነጣና ያለ ምክንያት ሲደማ ሙሉ የደም ምርመራ ይደረግልን በሉ። የቢቸናና የሞጣ ዕድሮችንም እለምናለሁ፦ ለቀብር የምታወጡትን ያህል ባይሆን እንኳ፣ ሕክምና ለጀመረ ልጅ የመመላለሻ ገንዘብ መድቡ።